ወንዙ የጎደለ ለት

ወንዝ ሲሞላ ሰው ሁሉ ይሸሻል፤ ለዚያ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ሞልቶ ስላስፈራን ሳይሆን ጎድሎ ስላስደሰተን ወንዝ ነው። እስካሁን ድረስ በክረምት የወንዝ ድምፅ ድንገት ቀነስ ሲል ከሰማሁ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰው ሲስቅብኝም ግድ የለኝም።

ስሜ ትዕግስት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች በስሜ ይቀልዳሉ፤ ወረፋ መጠበቅ አልችልም፣ ዙሪያ ጥምጥም ወሬ ያቃጥለኛል። የወልዲያ ልጅ ነኝ። ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣሁት አንድ የተፋሰስ ፕሮጀክት በውሃ ባለሙያነት ቀጥሮኝ ሲሆን ሥራዬም የሃይድሮሎጂ ሞዴል መሥራት ነበር። ሞዴል ስላችሁ የሚታይ የሚዳሰስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሂሳብ ነው። ተራራ ላይ ከዘነበው ዝናብ ምን ያህሉ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ምን ያህሉ ተንደርድሮ ወንዝ ይገባል፣ ታች መሻገሪያው ላይስ መቼ ይደርሳል የሚለውን ኮምፒውተር እንዲያሰላው ማድረግ ነው። የሂሳቡ መሠረት አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ውሃ አይጠፋም። የዘነበው ሁሉ የሆነ ቦታ አለ፤ ወይ አፈር ውስጥ፣ ወይ ወንዝ ውስጥ፣ ወይ መንገድ ላይ።

ከጅጋ ወረድ ብሎ የሚፈስ ቆቅ ውሃ የሚባል ወንዝ አለ። ሁለት ክረምት ሙሉ የሠራሁት በእሱ ላይ ነው። ሪፖርት ስጽፍ ከሁሉም ቃል የሚበዛው «ሊሆን ይችላል» የሚለው ነበር። «የውሃው መጠን ሊጨምር ይችላል»፣ «ጉዳት ሊያስከትል ይችላል»። በዚህም እኮራ ነበር። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አይምልም ብዬ አምን ነበር።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ የሺ ናቸው። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸው ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናቸው። ታይፎይድ ይዞኝ በወደቅሁ ጊዜ እስክነሳ ድረስ እንደ ልጃቸው ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በፍልሰታ ጾም አባታቸው አያ ይሁኔ አረፉ የሚል ስልክ ሲመጣ አብሬያቸው ለመሄድ ሁለቴ አላሰብኩም። የአያ ይሁኔ አገር ደግሞ እዚያው ቆቅ ውሃ ዳር ነው። ላፕቶፔን በቦርሳዬ ይዤ ስወጣ እትዬ የሺ እያለቀሱም ቢሆን «ለቅሶ ቤት ምን ልትሠሪበት ነው አካሌ?» ብለውኝ ነበር።

ከጅጋ ባጃጅ ይዘን ኮረኮንቹን ተያያዝነው። መንገዱ ቆቅ ውሃን የሚያቋርጠው ላይኛው በኩል ነው። ሰዉ ድልድይ ይለዋል እንጂ ድልድይ አይደለም፤ አፈርና ድንጋይ ከፍ ተደርጎ ተሞልቶ ወንዙ ከሥሩ በተቀበረ ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ወንዙ ዳር ግራና ቀኝ የተቆረጠ ባህር ዛፍ፣ አጣና፣ እንደ ጎተራ ተከምሯል።

«ይኸ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኩት ባለባጃጁን።

«መንገድ እየተዘጋ ጫኝ መኪና ጠፋ። ገበሬው ቆርጦ ቆርጦ እዚሁ ይከምረዋል። መኪና የሚቆመው እዚህ ነዋ፤ ወዴት ይውሰደው?»

ተሻገርን። ከዚያ በኋላ ወንዙን ተከትለን ወደ ታች በእግር ወረድን። ያን ማታ በሰሜን በኩል፣ ወንዙ በሚነሳበት ደጋ ላይ፣ መብረቁ አላቋረጠም። እኛ ጋ ግን ጠብ አላለም።

ሲነጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ስልኬ ላይ ከመምህር ሙሉቀን መልእክት ገብቶ አገኘሁ። መምህር ሙሉቀን ላይኛው ደጋ ላይ የሚያስተምር፣ ዝናብ መለኪያችንን በየጠዋቱ እያየ የሚልክልኝ ሰው ነው። «ትዕግስት፣ መለኪያው ሞልቶ ፈሷል። ስንት እንደዘነበ ማወቅ አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም» ይላል።

ሞልቶ ፈሷል ማለት ከመለኪያው አቅም በላይ ዘንቧል ማለት ነው። ደጅ ሴቶች ሲያለቅሱ እኔ ከእህሉ ማስቀመጫ ጓዳ ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። መለኪያው የሚይዘውን ያህል ብቻ ዘንቧል ብዬ፣ ማለትም ዝቅ አድርጌ፣ አስገባሁለት። ግራፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ወንዙ ከማለዳ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ እኩለ ቀን ገደማ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል ይላል።

የእትዬ የሺ ታናሽ ወንድም ፈንታሁን በእድሜ ብዙም አይበልጠኝም። ቀብሩን የሚያስተባብረው እሱ ነው። ጠጋ ብዬ ነገርኩት።

«ይምላ» አለኝ። «ምን አገባን? በክረምት ሬሳ የምናሳልፈው በላይ ዞረን በድልድዩ ነው። ኸወንዙ ጋር ምን አለን?»

እፎይ አልኩ። እውነትም ድልድዩ ሩቅ ቢሆንም ከፍ ያለ ነው። ግራፉን ዘጋሁና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ በኩል አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። «ጎደለ!» ይላል። «ቆቅ ውሃ ጎደለ! ደለሉ ወጥቷል! በእግር ይሻገሩታል!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እልልታ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። አስከሬን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ቦታ እያረፈ ጸሎት ይደረስለታል። የዚያ አገር ሰው ደብሩ ሚካኤል ነው፤ ሚካኤል ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ከሰባቱ ማረፊያዎች አንዱ ወንዙ መሐል ያለው የአሸዋ ደለል ላይ ነው። ከማዶ የሚካኤል ካህናት ወርደው አስከሬኑን የሚቀበሉት እዚያ ነው። በክረምት ግን ይህ አይሆንም። አያ ይሁኔ ታመው ሳለ «በድልድይ አታዙሩኝ፤ አባቶቼ በተሻገሩበት አሻግሩኝ» ብለው ነበር። ልጆቻቸውም ክረምት ነውና አንችልም ብለው አልቅሰዋል። አሁን በነሐሴ፣ በቀብራቸው ቀን፣ ወንዙ ጎደለ።

«ለአባቴ ዮርዳኖስ ተከፈለለት» አሉ እትዬ የሺ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ካገኘኋቸው ጀምሮ እንደዚያ ሲያምሩ አይቻቸው አላውቅም።

እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። ወንዙ በዚያ ሰዓት መጨመር ነበረበት። ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። ማታ ስንመጣ በጩኸቱ መነጋገር አቅቶን ነበር። አሁን ድንጋይ ለድንጋይ እየተሹለከለከ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ብቻ አለ። ድንጋዮቹ ገና እርጥብ ናቸው። ጭቃው ላይ አምባዛዎች አፋቸውን እየከፈቱ ይንደባለላሉ፤ ሁለት ሰዎች እየሳቁ በነጠላ ይለቅሟቸዋል። ፀሐዩ ደምቋል። እንደዚያ የሚያምር ቀን እንደዚያ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ወይ ሞዴሉ ተሳስቷል፣ ወይ ውሃው የሆነ ቦታ ተኝቷል። ሞዴሉ ከዚህ በፊት ተሳስቶ ያውቃል። የመምህር ሙሉቀንን መለኪያስ ሌላ ነገር ሞልቶት ቢሆን? ግን ሞዴሉ ቢሳሳት ወንዙ ባይጨምር ነው እንጂ ከትናንቱ እንኳ የሚጎድልበት ምክንያት የለም። ማታ የነበረውስ ውሃ የት ሄደ? ያን ጊዜ ያ የአጣና ክምር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ውሃው ጨምሮ ክምሩን ቢያነሳው የሚወስደው ወደ ቱቦው ነው። አጣናው ቱቦውን ከወተፈው ደግሞ የመንገዱ ሙሌት ግድብ ሆነ ማለት ነው። የአፈር ግድብ። ለውሃ ያልተሠራ።

መምህር ሙሉቀን ጋ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ ጠፍቷል። ሄጄ እንዳላይ መንገዱ ሩቅ ነው። ከኋላዬ የካህናቱ ዜማ ተሰማ። አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ነበር።

ፍትሐቱን የሚመሩትን ቄስ አበጀን የደረስኩባቸው ወንዙ አፋፍ ላይ ካለው ማረፊያ ነው። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቄ መስቀላቸውን ተሳለምኩና ወሬዬን ዘረገፍኩት። በትዕግስት ሰሙኝ።

«ውሃው ከላይ ታግዷል ነው የምትይው?»

«አዎ አባ።»

«አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«ያላዩትን ማመን የእኛ ሥራ ነበር ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው። «እናንተ ዘንድ ደግሞ ታይቶ፣ ተለክቶ ነው የሚባል። ዛሬ ቦታ ተለዋወጥን?» ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋና ዝቅ ባለ ድምፅ «ይኸ ሕዝብ ኸፊቱ ተአምር ቆሞለታል። እኔ በምን አፌ ነው ተመለስ የምለው? ይልቅ ቶሎ እንሻገር» አሉ።

ቶሎ መሻገር ግን የለም። ሳጥኑ ደለሉ ላይ ያርፋል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ የማዶዎቹ ይቀበላሉ፣ ሴቶች ያለቅሳሉ። ፈንታሁንን ያዝኩት። እጄን አስለቀቀኝ። «ኸአባቴ ቀብር ላይ ስለ ኮምፒውተር አታውሪኝ!»

ወረዱ። አገር ምድሩ ነው የወረደው። በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ ነጭ የለበሱ ባልቴቶች፣ ከማዶ ደግሞ ጥላና መስቀል የያዙ ካህናት። ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አልነበረም። ሳጥኑ ደለሉ ላይ አረፈ። ዜማው ተጀመረ። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት፣ አያለሁ። ምንም የለም። ትቻቸው መቆም እችል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ደለሉ ሮጥኩ።

እትዬ የሺ ከሳጥኑ ራስጌ ነበሩ። ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ውሃው ሊመጣ ነው። ይውጡ። ሁሉንም ያስወጡ።»

«ምን ትያለሽ አካሌ? ውሃውማ ሄደ።»

«አልሄደም። መንገዱ ላይ በአጣናው ታግዷል። ሲለቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው።»

አፍጥጠው አዩኝ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ቆሟል። «እርግጠኛ ነሽ?»

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ጥያቄ የከበደኝ የለም። እርግጠኛ አልነበርኩም። አጣናው እዚያው ክምሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ግድቡ ሳይፈርስ ውሃው በጎን ቀስ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ዛሬ ላይመጣ፣ ማታ ሰው በሌለበት ሊመጣ ይችላል። እውነተኛው መልስ «ሊሆን ይችላል» ነበር። ምላሴ ላይ ነበረ። ግን «ሊሆን ይችላል» ብያት አባቷን ትታ የምትወጣ ልጅ የለችም።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

«ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት።»

እናቴ ወልዲያ ናት። ከእሷ በቀር ማንም የለኝም። ያን ቃል በጨዋታ እንኳ ብዬው አላውቅም፤ እትዬ የሺም ይህን ያውቃሉ።

ቀና አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በዚያ በገበያ ድምፃቸው ጮኹ። «ዝም በሉ! ዜማው ይቁም! ሁላችሁም ውጡ! በየመጣችሁበት ውጡ!»

ፈንታሁን ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ ተሸካሚዎቹም ተከተሉት። እትዬ የሺ ፊታቸው ቆሙ። «እሱን ተውት! ሽማግሌዎቹን ተሸከሙ! ባልቴቶቹን ተሸከሙ!»

«አብደሻል? አባታችንን አሸዋ ላይ ጥለን?»

«አባታችን ሞቷል! እነዚህ አልሞቱም! ተሸከም አልሁህ!»

ከዚያ ቄስ አበጀ መጽሐፋቸውን አጠፉና «ጸሎቱን ኸላይ ሆነን እንጨርሰዋለን» አሉ። ሕዝቡ የተንቀሳቀሰው በእሳቸው ቃል ነው። የማዶዎቹ ወደ ማዶ፣ የእኛዎቹ ወደ አፋፉ። ዳገቱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ተሸካሚዎቹ አንዱን ሽማግሌ አውጥተው ለሌላው ይመለሳሉ። እትዬ የሺ መጨረሻ ላይ ወጡ። ወደ ኋላቸው አላዩም።

ከዚያም ምንም አልሆነም።

ሁላችንም አፋፉ ላይ ቆመናል። ታች ደለሉ ላይ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነው ሳጥን ብቻውን አለ። ፀሐይ ያበራል። ቀጭኑ ውሃ ይሹለከለካል። ማጉረምረሙ ተጀመረ። «ይች ናት ሬሳ ያስጣለች» አለች አንዲት ሴት፣ እንድሰማ። «ኸየት ነው የመጣችው?» አለች ሌላዋ። አምላኬ፣ ውሃውን አምጣው ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም፤ ወዲያው ደግሞ በጸሎቴ ደነገጥኩ። እትዬ የሺ ከአጠገቤ ቆመው ፊቴን ብቻ ያያሉ።

ፈንታሁን ጋቢውን አጣፋ። «በቃ!» አለ። «አባቴ የውሻ ሬሳ አይደለም።» ከተሸካሚዎቹ ጋር ቁልቁል ወረደ። ልከለክለው አልደፈርኩም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የቦካ ጭቃና የባህር ዛፍ ሽታ። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነፋስ ከላይ በኩል ፊታችንን መታን። ከዚያ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ የሚሰማ ድምፅ መጣ፤ በመጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ወዲያው መሬቱን ከእግራችን ሥር እያንቀጠቀጠ። ከመታጠፊያው ቀድሞ የወጣው ውሃ አይደለም፤ አጣና ነው። ያ ሁሉ የተከመረ አጣና እየተገለባበጠ፣ እየተሰባበረ መጣ። ውሃው ከኋላው እየገፋው ነበር።

ተሸካሚዎቹ ተመለሱ። ፈንታሁን አልተመለሰም። ከደለሉ ጥቂት እርምጃ ቀርቶት ቆሞ፣ አንዴ ሳጥኑን አንዴ እንጨቱን ያያል።

«ፈንቴ!» አሉ እትዬ የሺ። «ፈንቴ፣ አትሙትብኝ! ተወው! ተወው ወንድማለም!»

ዞሮ ሮጠ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ አንዱ ግንድ እግሩን መታው። ወደቀ። ውሃው እስከ ወገቡ ሲይዘው ሰዎቹ በጋቢው ጎትተው አወጡት። ያ እግሩ እስከ ዛሬ እንደ ልቡ አይታዘዘውም።

ሳጥኑ መጀመሪያ ከመሬት ተነሳ። ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ፤ በሰው ትከሻ ላይ ያለ ነበር የሚመስለው። ከዚያ አንዴ ዞረና ሄደ። ሕዝቡ ቆሞ የነበረበትን ደለል ፈለግነው፤ የለም። ቄስ አበጀ መጽሐፋቸውን ከፈቱና ያቋረጡትን ጸሎት ወደ ውሃው ዞረው ጨረሱ። ድምፃቸው በወንዙ ጩኸት አይሰማም ነበር፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ።

ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። ምስጋናም አልጠበቅሁም። ልጅ አባቷን ጥላ እንድትወጣ ያደረግሁ እኔ ነኝ። አያ ይሁኔን ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኟቸው ሩቅ ታች፣ ቆቅ ውሃ ከትልቁ ወንዝ ከሚቀላቀልበት በታች፣ የሾላ ሥር ይዟቸው ነው። መልሶ ማምጣት አልተቻለም። እዚያው በማያውቁት ደብር፣ ዘመድ ባልተቀበረበት አፈር ተቀበሩ። በኋላ ላይ ያን መንገድ ሄጄ አየሁት። ሙሌቱ ለሁለት ተከፍሏል። ቱቦው ተነቅሎ ወጥቷል፤ አፉ ግን አሁንም በአጣና እንደተወተፈ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተቀይሯል። ሞዴሉን አልተውኩትም፤ እንዲያውም መንገዶቹንና ቱቦዎቹን ሁሉ እየዞርኩ አስገብቼበታለሁ። ነገር ግን ለአለቆቼ የምጽፈውና ወንዝ ዳር ላለ ሰው የምናገረው ሁለት የተለያየ ነገር ሆኗል። ለወንዝ ዳር ሰው ስደውል «ሊሆን ይችላል» አልልም። «ውጡ» ነው የምለው። ካልመጣ ይሳቁብኝ፣ ይስደቡኝ፤ ሁለት ጊዜ ሆኖብኛል፣ ተሰድቤያለሁ። እናንተም ወንዝ ዳር የምትኖሩ ካላችሁ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ወንዛችሁ ጎድሎ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ። ውሃው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ከብታችሁንም ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ከፍ ወዳለው ቦታ ውጡ።

ለአርባው ተዝካር እትዬ የሺን ተከትዬ ወደዚያ ሩቅ ደብር ሄድኩ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ያን ለት እርግጠኛ ነበርሽ?»

ለሁለተኛ ጊዜ ልዋሻቸው አልቻልኩም። «አልነበርኩም፣ እትዬ።»

እርምጃቸውን አፈጠኑ። እንደ ቅያሜ ቆጠርኩት። ብዙ ከሄድን በኋላ «እንኳን ያኔ አልነገርሽኝ» አሉ። «ብትነግሪኝ አባቴን ትቼ አልወጣም ነበር። ሰዉም እኔን ትቶ አይወጣም ነበር።»

ከዚያ ቆሙና ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ፍርሃት ነበር።

«እናትሽስ?» አሉ። «ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እትዬ። ትናንት አውርቻታለሁ።»

«ተመስገን» አሉ። «ሳልጸልይላት ያደርሁበት ቀን የለም።»